አላይመንቱ ልክ ነው፤ መኪናው ግን ይስባል

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። መኪናዬ ሞተሩ የፊት ጎማዎችን የሚያዞር አነስተኛ የቤት መኪና ነው። ከአንድ ወር በፊት ሁለት አዲስ ጎማ ገዝቼ ፊት አስገባሁ። የኋላዎቹ የድሮዎቹ ናቸው፤ ማርካቸውም ሌላ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ መሪውን ላላ ሳደርገው ወደ ቀኝ ይስባል። አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫና ዘመም ማስተካከል) ሁለት ጊዜ አሠራሁ። ማሽኑ ሁሉንም አረንጓዴ ነው የሚያሳየው። ባለሙያው ‹ጎማው አዲስ ነው፣ ከጎማ ሊሆን አይችልም፣ የመሪ ሳጥኑ ይፈተሽ› አለኝ። እውነቱን ነው? ወይስ ሦስተኛ አላይመንት ላሠራ?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሦስተኛ አላይመንት አታሠራ። የመሪ ሳጥኑንም ለጊዜው ተወው። የመልሱ ግማሽ ጥያቄህ ውስጥ አለ፤ «ከዚያን ቀን ጀምሮ» ብለሃል። ጎማው እስኪቀየር መኪናው ቀጥ ብሎ ይሄድ ነበር። በዚያ ቀን የተነካው ጎማ ብቻ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ ነው። አዲስ መሆኑ ነፃ አያወጣውም።

«አዲስ ጎማ ችግር የለበትም» የሚለው እምነት በእኛ ሙያ ሥር የሰደደ ነው። እኔም አምንበት ነበር። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ወደ ግራ የሚስብ መኪና መጣልኝ፤ ጎማዎቹ ገና ላስቲክ ላስቲክ ይሸታሉ። አላይመንት ሠራሁ፣ ሳበ። ደግሜ ሠራሁ፣ ሳበ። ከመሪው ጋር የተያያዘ፣ ሊላላ ይችላል ያልኩትን ሁሉ ፈትቼ ቀየርኩ። አሁንም ሳበ። አጠገባችን የሚሠራ አንድ ሸምገል ያለ ጎሚስታ ሁለት ቀን ሙሉ ሲያየኝ ቆይቶ «እስቲ የፊቶቹን ግራና ቀኝ አቀያይራቸው» አለኝ። ለይምሰል አቀያየርኩ። መኪናው ወደ ቀኝ መሳብ ጀመረ! ያን ቀን ያፈርኩትን አልረሳውም። ከዚያ ወዲህ የሚስብ መኪና ሲመጣልኝ የአላይመንት ማሽኑን የማበራው ጎማውን ካጣራሁ በኋላ ነው።

ማሽኑ ለምን አረንጓዴ እንደሚያሳይ ልንገርህ። የማሽኑ መቆንጠጫ በአብዛኛው የሚያርፈው ቸርኬው ላይ ነው። የሚለካው ጎማዎቹ የዞሩበትን አቅጣጫና ዘመማቸውን ነው፤ ያውም መኪናው ቆሞ። ላስቲኩ ውስጥ ያለው ሽቦ እንዴት እንደተነጠፈ፣ ጎማው ክብደት ተሸክሞ ሲሽከረከር ወዴት እንደሚገፋ አይታየውም። የባላንስ ማሽኑም ያው ነው። እሱ የሚፈልገው ክብደቱ በዙሪያው እኩል መከፋፈሉን ነው። ባላንሱ ድንቅ የሆነ ጎማ መኪናህን ቀኑን ሙሉ ወደ ቀኝ ሲስብ ሊውል ይችላል። ጎማውን በሮለር ተጭኖ እያሽከረከረ የሚፈትሽና የጎን ግፊቱን ጭምር የሚለካ ማሽን አለ። ግን በየጋራዡ አታገኘውም።

አዲስ ጎማ እንዴት ይስባል? የወረቀት ኩባያ ጠረጴዛ ላይ አጋድመህ ግፋው። ቀጥ ብሎ አይሄድም። ወደ ጠባቡ ጫፍ እየዞረ ክብ ይሠራል። ጎማ ውስጥ ደግሞ ከጥርሱ ሥር የሽቦ ቀበቶ አለ። ጎማው ሲሠራ ይህ ቀበቶ በትንሹ ወደ አንድ ጎን ካደላ፣ አንዱ ትከሻ ከሌላው ይጠነክራል። ባዶውን ስታየው ምንም አይለይም። መኪና ሲጫንበት ግን አንዱ ጎን ከሌላው ይበልጥ ይረግብና ጎማው እንደ ኩባያው ሾጣጣ ሆኖ ይሽከረከራል። ባለሙያዎች ኮኒሲቲ ይሉታል። ሁሉም ጎማ ትንሽ ትንሽ አለው። ችግር የሚሆነው አንዱ ላይ በዛ ሲል፣ ወይም ሁለት መጠነኞች ተገናኝተው ወደ አንድ ጎን ሲገፉ ነው።

የዚህ ጉድለት ጠባይ ለእኛ ይጠቅመናል። ኩባያውን ወደፊትም ግፋው ወደኋላ፣ የሚዞረው ወደዚያው ወደ ጠባቡ ጫፍ ነው። ጎማው ከነቸርኬው ከቀኝ ወደ ግራ ሲዛወር የውጭ ጎኑ ውጭ እንደሆነ ይቀራል። ስለዚህ ወደ ቀኝ ይገፋ የነበረው አሁን ወደ ግራ ይገፋል። የጎሚስታው ጥበብ ይኸው ነው።

ክሪክ ከማውጣትህ በፊት ግን የምታጣራው አለ። መንገዱን አስቀድም። መንገድ ውሃ እንዲወርድበት ወደ ዳር ዘንበል ተደርጎ ነው የሚሠራው፤ ዘንበሉ ብዙ ጊዜ 2 በመቶ ገደማ ነው። በቀኝ በሚነዳበት አገር ጤነኛ መኪናም መሪው ሲላላ ቀስ እያለ ወደ ቀኝ ዳር ይሄዳል። በግራ በሚነዳበት ደግሞ ወደ ግራ። ይህ ጉድለት አይደለም። ነፋስ በሌለበት ሰዓት ሰፊና ደልዳላ ቦታ ሞክረው። ባለብዙ ረድፍ የአንድ አቅጣጫ መንገድ ካገኘህ ረድፍ እየቀየርክ እየው። ዘንበሉ ሲገለበጥ የመኪናውም አዝማሚያ አብሮ ከተገለበጠ ጥፋቱ የመንገዱ ነው። እጅህን ከመሪው አታንሳ፤ መያዣህን ማላላት ይበቃል።

ቀጥሎ መቼ እንደሚስብ አስተውል። ፍሬን ስትረግጥ ብቻ ከሆነ የጎማውን ነገር ተወውና ፍሬኑን አስፈትሽ። ነዳጅ ስትሰጠው ስቦ ስትለቅ የሚተው ከሆነ የእንዳንተ ዓይነት መኪና ጠባይ ሊሆን ይችላል፤ ከሞተሩ ወደ ሁለቱ ጎማ የሚሄዱት ዘንጎች ርዝመታቸው እኩል ካልሆነ እንዲህ ያደርጋል። ወደ ቀኝ ከታጠፍክ በኋላ ቀኝ፣ ወደ ግራ ከታጠፍክ በኋላ ግራ የሚስብ ከሆነ ደግሞ አንድ የጠበቀ ነገር አለ፤ የሾኩ ራስ ላይ ያለው ኩሽኔታ ወይም ከመሪው መገጣጠሚያዎች አንዱ። ጎማ እንዲህ አይዋዥቅም። የጎማ መሳብ ወጥ ነው፤ ሁልጊዜ፣ ወደ አንድ ጎን። ወጥ በመሆኑ የሚመስለው ይዞ የሚቀር ፍሬን ነው። ጥቂት ከነዳህ በኋላ እጅህን ወደ ቸርኬዎቹ አስጠጋ፤ አትንካ። አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ የሚፋጅ ከሆነ ጣጣው ፍሬኑ ጋ ነው።

ንፋስ ላይ ትንሽ ልቆይ። ንፋስ የጎደለው ጎማ ይረግባል፣ ለመሽከርከር ይከብደዋል፣ መኪናውም ወደ እሱ ጎን ይሳባል። የአንድና የሁለት ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ልዩነት ላይሰማህ ይችላል። አምስት ስድስት ሲሆን ግን መሪው ላይ ታገኘዋለህ። ሰው ሁሉ «ንፋስ አስሞልቻለሁ» ይለኛል። መቼ? በማን መለኪያ? ጎማው ቀዝቅዞ ነው ወይስ ሞቆ? ጎማ ሲሄድ ይሞቃል፤ ሲሞቅ ግፊቱ ይጨምራል። ስለዚህ የሚለካው መኪናው ሦስት ሰዓት ያህል ከቆመ በኋላ ነው። ፀሐይ አንዱን ጎን ብቻ እየመታው ከቆመም የዚያ ጎን ቁጥር ከፍ ይላል። ትክክለኛው መጠን በአብዛኛው የሹፌሩ በር ሲከፈት መቃኑ ላይ ተለጥፎ ታገኘዋለህ። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው የጎማው የመጨረሻ አቅም ነው እንጂ መኪናህ የሚፈልገው አይደለም። የራስህ ትንሽ መለኪያ ይኑርህ። ቢሳሳት እንኳ አራቱም ላይ በአንድ ዓይነት ነው የሚሳሳተው፤ እኛ ደግሞ የምንፈልገው የግራና የቀኙን ልዩነት ነው። ሞልተኸው መሳቡ ከጠፋ ገና ደስ አይበልህ። ከሳምንት በኋላ ድጋሚ ለካ። አንዱ ብቻውን ከወረደ ምስማር ወይም የሚያስተነፍስ ቫልቭ አለ። የሳሙና ውሃ ቀባው፤ አረፋው ይነግርሃል።

ንፋሱ ልክ ከሆነ ጎማዎቹን ጠጋ ብለህ እያቸው። ሁለቱ አዲሶች በእርግጥ መንታ ናቸው? ጎናቸውን አንብብ። አንዱ 195/65 አር 15 ካለ ሌላውም እሱኑ ማለት አለበት። ማርካቸው፣ የሞዴል ስማቸው፣ የጥርሳቸው ቅርጽ አንድ መሆን አለበት። ማርካቸው አንድ ሆኖ ሞዴላቸው የተለያየ ጥንድ ገጥሞኝ ያውቃል፤ ከሩቅ አይለዩም። ዲኦቲ ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮችም እይ። 2319 ከሆነ ጎማው እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ዕድሜው ብቻውን መኪና አያስብም። ግን «አዲስ» ብለው የሸጡልህ መጋዘን ውስጥ ስንት ዓመት እንደተኛ ማወቁ አይከፋም።

መዳፍህን ጥርሱ ላይ ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ከዚያ ከውስጥ ወደ ውጭ አሳልፍ። በአንዱ አቅጣጫ ለስላሳ፣ በሌላው እንደ መጋዝ የሚቧጥጥ ከሆነ ጎማው በትንሹ ወደ ጎን እየተፋቀ ሲሄድ ኖሯል፤ የቶ ችግር ነው፤ ቶ ማለት የጎማዎቹ ፊት ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ መዞሩ ነው። የውስጥ ጠርዙ ብቻ ከተበላ ካምበሩን፣ ማለትም የጎማው አናት ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ መዝመሙን፣ ጠርጥር። አዲሶቹ ላይ በአንድ ወር ይህ ብዙም አይታይም። የኋላዎቹ ላይ ግን ልታገኘው ትችላለህ፤ ቆይተን ስለምንፈልጋቸው ያየኸውን ያዝ። እንዲህ የተበላ ጎማ አላይመንቱ ከተስተካከለ በኋላም መሳቡን ሊቀጥል ይችላል።

አንድ ነገር ካየህ ግን ምርመራውን እዚሁ አቁም። ጥርሱ ወይም ጎኑ ላይ እብጠት ካለ፣ ቀስ ብለህ ስትሄድ መሪው ግራ ቀኝ ከተወዛወዘ፣ ከጎማው ዱብ ዱብ የሚል ምት ከመጣ፣ የውስጥ ሽቦው ከላስቲኩ እየተላቀቀ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ጎማ ይስባል፤ ይፈነዳልም። አይዛወርም፣ ኋላ አይደረግም፣ ለስኮርታም አይቀመጥም። ይጣላል።

አሁን ወደ ማቀያየሩ። በጠመኔ እያንዳንዱ ጎማ ላይ የነበረበትን ቦታ ጻፍ፤ «ፊት ቀኝ»፣ «ፊት ግራ»። ይህን ንቆ ሁለተኛው ዙር ላይ የቱ የት እንደነበር ያልጠፋው ሰው አላየሁም። ደልዳላ ቦታ ቁም፣ የእጅ ፍሬን ያዝ፣ ከኋላ ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ አድርግ። ብሎኖቹን ጎማው መሬት ሳይለቅ አላላቸው። ክሪክ ማንሻ ነው እንጂ መደገፊያ አይደለም። ጠንካራ መደገፊያ ከሌለህ ሁለቱንም ጎን ባንዴ አታንሳ፤ ስኮርታውን ለጊዜው አንዱ ጎን እያሰርክ በየተራ ሥራው። ወይም ጎሚስታ ዘንድ ሂድ፤ ለእሱ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ብሎኖቹን ስታጠብቅ ጎን ለጎን አትሂድ፤ ከአንዱ ወደ ፊት ለፊቱ እያቋረጥክ አጥብቅ። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከነዳህ በኋላ እንደገና ፈትሻቸው።

ጎማው ጎን ላይ የመሽከርከሪያ አቅጣጫ የሚያሳይ ቀስት ካለ፣ ስታዛውረው ቀስቱ ወደኋላ ያያል። ለአጭር ሙከራ፣ በደረቅ መንገድ፣ በመጠነኛ ፍጥነት አይከፋም። ግን እንደዚያው አትተወው፤ ውሃ የሚያወጣው ጥርስ በተቃራኒ እየዞረ ነው። «ውጭ» የሚል ምልክት ብቻ ያለው ጎማ ከነቸርኬው ሲዛወር ምንም አይሆንም።

ከዚያ በዚያው መንገድ፣ በዚያው ፍጥነት ንዳ። መሪህ በኤሌክትሪክ የሚታገዝ ከሆነ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሳትሄድ አትፍረድ፤ አንዳንዱ ሞዴል ወጥ የሆነ መሳብን ለምዶ ራሱ ያካክሳል።

መሳቡ ወደ ግራ ከዞረ ተገኘ። ከሁለቱ አዲሶች አንዱ ነው፣ ወይም ሁለቱም ናቸው። ለመለየት አንዱን በዚያው ጎን ካለው የኋላ ጎማ ጋር ቀይረው። መሳቡ ከጠፋ ጥፋተኛው ወደ ኋላ የሄደው ነው። ካልጠፋ መልሰውና ሌላውን ሞክር። ቀነስ ብቻ ካለ ሁለቱ ተካፍለውታል።

መሳቡ ጨርሶ ከጠፋስ? ብዙ ሰው እዚህ ላይ ግራ ይጋባል። ጎማው በትንሹ ይስብ ነበር፤ ሌላ ነገር ደግሞ ወደዚያው ጎን ያግዘው ነበር። አሁን ወዲያና ወዲህ እየተጓተቱ ተቻቻሉ። ቀስት ከሌለው እንደዚያው ንዳው፤ እኔም እንዲሁ ነው የማደርገው። ሌላ ጊዜ ጎማ ስታዛውር ግን ተመልሶ ሊመጣ ይችላል።

ምንም ካልተለወጠ፣ አሁንም ወደ ቀኝ ከሳበ፣ ብዙ መካኒክ «ጎማው ነፃ ነው» ብሎ ይፈርዳል። ወጥመዱ እዚህ ጋ ነው። ከኮኒሲቲ ሌላ ፕላይ ስቲር የሚባል ነገር አለ። ከጥርሱ ሥር ያሉት ሽቦዎች የተነጠፉት ቀጥ ብለው ሳይሆን ሰያፍ ሆነው ነው። ከላይ ያለው ንጣፍ ወደ አንድ ጎን ስለሚያዘም ጎማው ሲሽከረከር በትንሹ ወደ ጎን ይመራል። ይህ የአንድ ጎማ ጉድለት አይደለም፤ የሞዴሉ ባሕርይ ነው። ግፊቱም የሚወሰነው በሚሽከረከርበት አቅጣጫ ነው። ጎማውን ከቀኝ ወደ ግራ ስትወስደው ፊቱም ይዞራል፣ ሽክርክሩም ይዞራል። ሁለት ጊዜ ተገልብጦ እዚያው ይመለሳል። ስለዚህ ግራና ቀኝ በማቀያየር አይያዝም።

የሚያዘው በሌላ ዓይነት ጎማ ነው፤ አንተ ደግሞ ዕድለኛ ነህ፣ ማርካው የተለየ ጥንድ ኋላ ላይ አለህ። ሁለቱን የኋላ ወደ ፊት፣ ሁለቱን አዲስ ወደ ኋላ አድርግ። መኪናው ቀጥ ካለ ጣት የሚቀሰረው አዲሶቹ ላይ ነው። ወደ ቀኝ መሳቡን ከቀጠለ ግን ጎማዎቹን ይቅርታ ጠይቃቸው፤ ነገሩ ከመኪናው ነው።

«ጣት የሚቀሰረው» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ጎማ የሚስበውን በካምበር የሚያስታርቁ ሠራተኞች አሉ። መኪናው ቀጥ ይላል፣ ደንበኛው ደስ ብሎት ይሄዳል። ጎማው ሲቀየር ጉዱ ይፈላል። የድሮ ጎማዎችህ ይስቡ ከነበረና ቀድሞ አላይመንቱ ለእነሱ ተብሎ ጠመም ተደርጎ ከነበረ፣ አዲሶቹ ንጹሕ ሆነው ሳለ ጥፋተኛ ይመስላሉ። ስለዚህ የአላይመንቱን ወረቀት ተቀበልና ቁጥሮቹን እይ። አረንጓዴ ማለት ቁጥሩ በተፈቀደው ክልል ውስጥ ነው ማለት እንጂ ግራና ቀኙ እኩል ነው ማለት አይደለም። አንዱ የክልሉ ታችኛው ጫፍ፣ ሌላው ላይኛው ጫፍ ላይ ሆነው ሁለቱም አረንጓዴ ይሆናሉ። በካምበርም ሆነ በካስተር (መሪ ሲዞር ጎማው የሚዞርበት ዘንግ ወደፊት ወይም ወደኋላ መዝመሙ) የግራና የቀኙ ልዩነት ከ0.5 ዲግሪ ካለፈ ልብ በል። መኪና ካምበሩ ይበልጥ ፖዘቲቭ ወደሆነበት (የጎማው አናት ይበልጥ ወደ ውጭ ወዳዘመመበት)፣ ካስተሩ ደግሞ ወደሚያንስበት ጎን ይስባል። የቀኙ ካምበር ከፍ ብሎ ወይም የቀኙ ካስተር ዝቅ ብሎ ካገኘኸው ሻጩ ጋ ለመጣላት አትቸኩል። የፊት ቶ ብቻውን ግን አብዛኛውን ጊዜ አያስብም። ሁለቱ ጎማ ይካፈሉትና ጎማ ይበላል፣ መሪውም ጠመም ብሎ ሊቀመጥ ይችላል።

ወረቀቱ ንጹሕ ሆኖ ጥፋቱ ጎማው ላይ ካረፈ መጀመሪያ ወደ ሻጩ ሂድ። አንድ ወርህ ነው፤ ጥርሱ ገና ነው፤ የፋብሪካ ጉድለት ዋስትና ካለው ይቀየርልህ። «ይስባል» ብቻ አትበል። «ፊት ቀኝ የነበረውን ወደ ግራ ሳዛውረው መሳቡም አብሮት ዞረ» በለው። ይህን የሰማ ሻጭ «አላይመንት አሠራ» ብሎ ሊሸኝህ ይከብደዋል።

እንቢ ካለ አዲሶቹን ኋላ ተዋቸው። የኋላ ጎማ በመሪ አይዞርም፤ ያው ግፊት ከኋላ ሲመጣ መሪው ላይ የሚሰማህ በጣም ትንሽ ነው። እንዲያውም ሁለት ጎማ ብቻ ሲገዛ አዲሶቹ ኋላ እንዲገቡ ነው ጎማ ሠሪዎች የሚመክሩት። በእርጥብ መንገድ የኋላዎቹ ቀድመው ከከዱ መኪናው ይዞርብሃል። የፊቶቹ ሲከዱ ግን መሪው ላይ ይሰማሃል፣ ፍጥነት ትቀንሳለህ። የድሮዎቹ ጥርስ በቂ ከሆነና እኩል ከተበሉ፣ እኔ ብሆን ከሻጩ ጋር ሳልጨቃጨቅ ይህን ነበር የማደርገው።

ጎማውን ከቸርኬው አውጥተው ገልብጠው የሚገጥሙም አሉ። የኮኒሲቲውን ግፊት ይገለብጣል፣ እውነት ነው። ግን ጥፋቱ የአንዱ ጎማ ብቻ ከሆነ ወደ ቀኝ የሚስብ መኪና ሰጥተህ ወደ ግራ የሚስብ መኪና ነው የምትረከበው። የሚያዋጣው ሁለቱ እኩል ሲካፈሉት፣ አንዱን ብቻ ገልብጦ ማጣፋት ሲቻል ነው። ቀስት ወይም «ውጭ» የሚል ምልክት ያለበት ጎማ ላይ ደግሞ አይሞከርም።

ስትጨርስ ጻፍልኝ። የቱ ጎማ የት እያለ ወዴት እንደሳበ፣ የአራቱን የንፋስ ቁጥርና የአላይመንቱን ወረቀት ጨምረህ። የመሪ ሳጥኑን ጉዳይ ያን ጊዜ እናወራለን።